«አምስት ጣት እኩል አይደለም» ለምትሉኝ ሁሉ

ጽሑፉ ረዘም ይላል። አሁን ጊዜ የሌላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ አረፍ ስትሉ ተመለሱበት። ርዕሱን ብቻ አይታችሁ ኮሜንት ለመጻፍ ያሰባችሁ ደግሞ እስቲ ዛሬን ብቻ ታገሡኝ።

ነገሩ የጀመረው በሻይ ነው።

እኛ ትምህርት ቤት ሦስት የጽዳት ሠራተኞች አሉ። ሦስቱም እናቶቻችን የሚሆኑ ናቸው፤ ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ጠዋት ከማናችንም ቀድመው ገብተው ክፍሎቹን ጠርገው፣ ሽንት ቤቱን አጥበው፣ ረፋድ ላይ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ሻያቸውን ይጠጣሉ። ይጠጡ ነበር ማለቴ ነው። ባለፈው ሳምንት «ከዛሬ ጀምሮ ውጪ ይጠጡ፤ ክፍሉ የመምህራን ነው» ተባለ። በደብዳቤ አይደለም፣ በቃል ነው። እነሱም አንድ ቃል አልተነፈሱም። ብርጭቋቸውን ይዘው ወጡና ከግንቡ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ለምን?» አልኩ። ክፍሉ አልጠበበ፣ ወንበር ሞልቷል። የተሰጠኝን መልስ በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

አንዱ፦ «አምስት ጣት እኩል አይደለም። ተፈጥሮ ነው።»

ሌላው፦ «ንብ እንኳ አውራ አላት። ያለ በላይና በታች የሚኖር ፍጡር የለም።»

ሦስተኛው፣ በዕድሜ የሚበልጡን፦ «እኩልነት እኩልነት ስትሉ ደርግን አየነው እኮ።»

አራተኛው ደግሞ እየሳቀ፦ «አንተ ዲፕሎማ ስለሆንክ ነው የሚያንገበግብህ።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አልዋጥልህ አለኝ። ስለዚህ ለአራቱም እዚህ እመልሳለሁ። ስም አልጠራም፤ ጉዳዬ ከሰዎቹ ጋር ሳይሆን ከሐሳቡ ጋር ነው። ይሄን ሐሳብ ደግሞ እነሱ ብቻ አይደሉም የያዙት፣ አገር ምድሩ ይዞታል።

በጣት እንጀምር።

እውነት ነው፣ አምስት ጣት እኩል አይደለም። ባዮሎጂ ነው የማስተምረው፣ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ብዬ አልከራከርም። አንዱ ረጅም ነው፣ አንዱ አጭር። አንዱ ሒሳብ ይገባዋል፣ አንዱ እጁ ወርቅ ነው። ግን እስቲ እጃችሁን ዘርግታችሁ እዩት። አውራ ጣት ትንሿን ጣት «አንቺ ውጪ ብዪ» ብሎ ያውቃል? እንጀራ ስትቆርሱ አምስቱም አብረው ነው የሚታጠፉት። ደም የሚደርሳቸው ከአንድ ልብ ነው። ትንሿን እሾህ ሲወጋት እጅ በሙሉ ነው የሚሸሸው። ተረቱ ስለ ልዩነት ነው የሚያወራው፣ እኛ ግን ለበላይነት ማስረጃ አደረግነው። መለያየት ሌላ፣ መበላለጥ ሌላ! አንዱን አሳይቶ ሌላውን ማስፈረም ማጭበርበር ነው።

ደረጃ የሚወጣው በችሎታ ነው ለምትሉኝም አንድ ጥያቄ አለኝ። በዚህ አገር ለዘመናት ከሁሉ በታች የተደረገው ማን ነበር? ማረሻ የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሸምነው፣ ምጣድ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚያለፋው። ቀጥቃጩ ባይኖር ገበሬው በምን ያርስ ነበር? ሸማኔው ባይኖር መኳንንቱ ምን ይለብሱ ነበር? እነዚህን ነው «ቡዳ» እያልን፣ ልጃችንን ሳንድርላቸው፣ አብረን ሳንበላ የኖርነው። ምኒልክ ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል፤ ስድቡ ግን ዛሬም አልጠፋም። ችሎታ ቢሆን ኖሮ ቀጥቃጩ ከላይ በተቀመጠ ነበር። እንግዲህ ደረጃውን ያወጣው ችሎታ አይደለም። ወንበሩን ቀድሞ የያዘው ሰው ነው ያወጣው፤ ካወጣው በኋላም «ተፈጥሮ ነው» አለን።

ወደ ንቧ እንሂድ። ይቺን ክርክር እንኳን አመጣችሁልኝ።

«አውራ» የሚለው ስም ራሱ አሳስቶናል። አውራ ሲባል ወንድ፣ አለቃ፣ አዛዥ ይመስለናል። አውራዋ ግን ሴት ናት፤ የቀፎው እናት ናት። ሥራዋ እንቁላል መጣል ነው፣ በደህና ወቅት በቀን እስከ 2,000 ትጥላለች። ማንንም አታዝም። «አንቺ አበባ ቅሰሚ፣ አንቺ በር ጠብቂ» የሚል ትእዛዝ ከእሷ አይወጣም። የሚመግቧት ሠራተኞቹ ናቸው። ስታረጅ ወይም ስትደክም ሌላ የሚያሳድጉትም እነሱ ናቸው።

እንዴት መሰላችሁ የሚያሳድጉት? የአውራዋና የሠራተኛዋ እንቁላል አንድ ዓይነት ነው። ሠራተኞቹ ከተራው እጭ አንዱን በልጅነቱ ይመርጡና ሮያል ጄሊ የሚባለውን ምግብ እስከ መጨረሻው ይመግቡታል። አውራ ይሆናል። የቀረው እጭ ከጥቂት ቀን በኋላ ምግቡ ይቀየርበትና ሠራተኛ ይሆናል። ልዩነቱ የአመጋገብ ነው! «ንብ እንኳ አውራ አላት» የሚል ሰው ሳያውቀው እየነገረን ያለው ትልቅና ትንሽ የሚሆነው በተወለደበት ሳይሆን በተቀለበው እንደሆነ ነው።

ደግሞ ንቦች ከቀፎ ወጥተው አዲስ ቤት ሲፈልጉ አውራዋን አያማክሯትም። ጥቂት መቶ የሚሆኑ ቃኚዎች ይበተናሉ። አንዷ ጥሩ የዛፍ ጉድጓድ ካገኘች ተመልሳ በጭፈራ ትናገራለች፤ ሌሎቹም ሄደው በራሳቸው ዓይን አይተው ይመለሳሉ። ለአንዱ ቦታ በቂ ደጋፊ ሲገኝ ሁሉም ይነሣል፣ አውራዋም ተከትላ ትሄዳለች። ቶማስ ሲሊ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ዕድሜውን በዚህ ላይ ጨርሶ እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ ንቦች ዴሞክራሲ መጽሐፍ ጽፏል። ስለዚህ ወንድሜ፣ የንብን ሥርዓት እናምጣ ካልክ እሺ፣ መጀመሪያ የመምህራን ስብሰባችን አካሄድ ይቀየራል።

ንብ አይደለንም፣ ወደ እኛ ቀረብ ያለ እንስሳ ጥራ ካላችሁኝም እጠራለሁ። ከሰው ጋር በዘር ቅርበት እኩል የሚቆጠሩ ሁለት ዝንጀሮዎች አሉ፤ ቺምፓንዚና ቦኖቦ። በቺምፓንዚ ዘንድ ጉልበተኛው ወንድ ከላይ ነው። በቦኖቦ ዘንድ ሴቶቹ ተባብረው ጉልበተኛውን ወንድ አደብ ያስገዙታል። ተፈጥሮ ሁለቱንም አሳየችን። እናንተ አንዱን ብቻ መርጣችሁ «ተፈጥሮ እንዲህ ናት» ትላላችሁ።

አሁን ወደ ሰው።

እኛው አገር ኦሞ ሸለቆ፣ ኪቢሽ የተገኘው የሰው ቅሪት ዕድሜው ቢያንስ 230,000 ዓመት ገደማ ነው። ንጉሥ፣ ግብር ሰብሳቢና ጸሐፊ ያለው መንግሥት በዓለም ላይ ከታየ ግን 5,000 ዓመት ቢሆነው ነው። የሰውን ዕድሜ በሙሉ አንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አድርጉት። መንግሥት ክፍል የገባው ደወል ሊደወል አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ሲቀር ነው! ሠላሳ ዘጠኙን ደቂቃ ሰው ያለ ንጉሥ ኖሯል። «ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነበር» ስትሉ የትኛውን ጥንት ነው የምትሉት?

እዚህ ጋ ሐቀኛ ልሁን። አድኖና ለቅሞ የሚኖር ሕዝብ ሁሉ እኩል ነበር አልልም። በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ፣ ዓሣ በብዛት አድርቀው የሚያከማቹ ሕዝቦች መኳንንትም ባሪያም ነበራቸው። ግን ይሄ የሚያሳየው የእኔኑ ነገር ነው፤ መበላለጥ ጎተራ ያለበት ቦታ ይመጣል፣ ጎተራ በሌለበት ይሳሳል። ሁኔታ የሚያመጣው ነገር ደግሞ በሁኔታ ይለወጣል።

የካላሃሪ በረሃ ሰዎችን ነገር ሰምታችኋል? ሪቻርድ ሊ የሚባል አንትሮፖሎጂስት አብሯቸው ሲኖር ለገና በዓል ይሁናችሁ ብሎ ትልቅና የሰባ በሬ ገዛላቸው። እነሱ ግን ያየው ሁሉ «ይሄ ከሲታ፣ አጥንት ብቻ፣ በረሃብ ልትገድለን ነው እንዴ?» እያለ አላገጠበት። ሰውዬው ደነገጠ። በሬው ሲታረድ ሞራው ይንጠባጠባል! በኋላ ምስጢሩን ነገሩት። ልማዳቸው ነው። ጎበዝ አዳኝ ትልቅ ሥጋ ይዞ ሲመጣ ያጣጥሉበታል፤ አለዚያ ራሱን አለቃ፣ ሌላውን ሎሌ አድርጎ ማየት ይጀምራል፣ ትዕቢቱም አንድ ቀን ሰው ያስገድለዋል ብለው ይሰጋሉ። ሥጋውን ግን በደስታ ይካፈሉታል።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች መላእክት አይደሉም። እንዲያውም ሰው ሁሉ የበላይ መሆን እንደሚወድ ከእኛ በተሻለ ያውቃሉ፤ ስላወቁ ነው የሚጠነቀቁት። ክሪስቶፈር ቦም የሚባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው መጽሐፍ ያለው ይሄንኑ ነው፤ እኩልነት ገዢ መሆን የሚፈልግ ሰው ስለጠፋ የሚመጣ ነገር ሳይሆን ብዙኃኑ ተባብሮ ያንን ሰው ሲያስቆመው የሚገኝ ነው። ስለዚህ «የበላይነት ፍላጎት በደማችን አለ» ለሚለኝ እሺ፣ አለ። በእግር መረገጥን መጥላትም በደማችን አለ። ሁለቱም ተፈጥሮ ከሆኑ ምርጫው የእኛ ነው ማለት ነው።

«ይሄ ለሃምሳ ሰው ይሠራል፣ ሕዝብ ሲበዛ አይሆንም» የሚል ይመጣል። ይሄ ከሁሉም የተሻለው መከራከሪያችሁ ስለሆነ በአክብሮት ልመልስ።

አንደኛ፣ የዛሬ 4,500 ዓመት ገደማ አሁን ፓኪስታን በምትባለው አገር ሞሄንጆ ዳሮ የሚባል ከተማ ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይኖርበት ነበር፤ በልክ የተሠራ ሸክላ ጡብ፣ በየመንገዱ የቆሻሻ ውኃ መውረጃ ቦይ፣ ትልቅ የሕዝብ መታጠቢያ ነበረው። በዚያ ሁሉ ቁፋሮ በእርግጠኝነት ቤተ መንግሥት ነው የተባለ ሕንፃ፣ የንጉሥ ነው የተባለ መቃብር አልተገኘም። ቦዩን ግን ሠርተውታል። እኛ ብዙ አለቆች አሉን፣ ቦዩ የታለ?

ሁለተኛ፣ ሩቅ ሳንሄድ ገዳን እዩ። አምስት ምድብ አለ፤ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። አባ ገዳው ጊዜው ሲደርስ ያስረክባል፤ ካጠፋም ጊዜው ሳይደርስ ሊያወርዱት ይችላሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም ቅርስ አድርጎ የመዘገበው ለጌጥ አይደለም። ጉድለት የለበትም ወይ? አለበት፣ ሴቶች ከሹመቱ ውጪ ነበሩ። ግን «ሥልጣን የያዘ ሰው አይለቅም፣ የሰው ተፈጥሮ ነው» ለሚለው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ወረዳ ደግሞ አውራ አምባ አለ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ወንዱ እንጀራ የሚጋግርበት፣ ሴቷ የምታርስበት መንደር ነው። ጎረቤት ጠላቸው፣ ስደትም ደረሰባቸው። ዛሬም አሉ።

ሦስተኛ፣ እድር። እያንዳንዳችሁ አባል የሆናችሁበት! ሀብታሙም ደሃውም የሚያዋጣው እኩል ነው። የባለሥልጣኑ እናት ስትሞትም የቀን ሠራተኛው እናት ስትሞትም የሚተከለው ያው ድንኳን ነው። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፤ ተመርጦ ነው፣ ሲያጠፋ ይወርዳል። ከሦስቱ እትዬዎች አንዷ የእኛ ሰፈር እድር ገንዘብ ያዥ ናቸው። አምና ቀብር ላይ በመቅረቴ የቀጡኝ እሳቸው ናቸው። ከእኔ ጋር የተቀጣ ማስተርስ ያለው ባልደረባዬም ነበር። ከፈለ። «አምስት ጣት እኩል አይደለም» አላለም። እዚያ የምናምናቸው ሴት እዚህ ሻይ አብረውን ሊጠጡ አይገባም የምንለው በየትኛው ተፈጥሮ ነው?

አለቃ አይኑር እያልኩ አይደለም። አውቶብስ ሁላችንም ልንነዳ አንችልም። ቀዶ ሕክምና ላይ ሐኪሙ «ቁረጥ» ሲል ድምፅ አንሰጥም። ርዕሰ መምህርም ያስፈልጋል። ታላቅን ማክበርም ባህላችን ነው፣ ይቀጥል፤ እኔም ትልልቆቼን «አንቱ» እላለሁ። እኔ የምለው ማንኛውንም ደረጃ ሦስት ጥያቄ ጠይቁት ነው። ሥራው ሲያልቅ ደረጃውም ያልቃል ወይ? ከሥር ያሉት ሊጠይቁት፣ ሊያወርዱት ይችላሉ ወይ? ከሥራው አልፎ ወደ ሻዩ፣ ወደ ወንበሩ፣ ወደ ሰላምታው ይፈሳል ወይ? ሦስቱን ያለፈ ደረጃ የሥራ ክፍፍል ነው። የወደቀ ደግሞ መናናቅ ነው፣ ስሙን አናሳምረው።

አሁን ደርግን ልመልስ። ጋሼ፣ ይቺ የእርስዎ ናት።

እርስዎ አይተውታል፣ እኔ አልደረስኩበትም። ግን ታሪኩን እኔም አንብቤያለሁ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ጭሰኛነት ቀረ። ከአንድ ዓመት በፊት «ባላባትና ጭሰኛ የእግዜር ሥራ ነው» የሚል ስንት ሰው ነበር? ከዚያም በፊት በ1934 ዓ.ም. ባርነት በሕግ ሲሻር «ባሪያ ከሌለ ማን ይፈጫል፣ ማን ውኃ ይቀዳል?» ያለ አልነበረም? በየዘመኑ ያለው ደረጃ ሁሉ እስኪወድቅ ድረስ ዘላለማዊ ይመስላል።

የደርግ ጥፋት እኩልነትን ማወጁ አልነበረም። እኩልነትን ያወጀው ሰው ራሱ የማይጠየቅ መሆኑ ነበር። ሁለተኛዋን ጥያቄ ወደቀ። ሁሉም «ጓድ» ተባለ፣ ግን አንዱ ጓድ ሌላውን ጓድ ያለ ፍርድ ይረሽን ነበር። መሬቱ ከባላባቱ ተወሰደ፣ ፍርሃቱ ግን ወደ ቀበሌ ተዛወረ። ከዚህ የምማረው እኩልነት አይቻልም የሚለውን አይደለም። ከላይ በጠመንጃ የሚታደል እኩልነት የለም የሚለውን ነው። እድራችንን ማንም አላወጀልንም፣ ለዚህ ነው የቆየው።

የመጨረሻው፣ ዲፕሎማው።

አዎ፣ ዲፕሎማ ነኝ። 9ኛ ክፍል ነው የማስተምረው፣ ዲግሪዬን በክረምት እየተማርኩ ነው። ዲግሪና ማስተርስ በበዛበት ክፍል ውስጥ ዲፕሎማ መሆን ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ሐሳብ ስሰጥ ሰው ስልኩን ያያል፣ ያንኑ ሐሳብ ሌላው ሲደግመው ይጻፋል። ስለዚህ «ያንገበግብሃል» ላልከኝ ወንድሜ፣ ትክክል ነህ። ግን የተረገጠ ሰው «አመመኝ» ቢል ስለተረገጠ ነው ማለት መልስ ይሆናል? እግርህን ማንሣት ነው መልሱ።

ደግሞ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ለዓመታት በየሴሚስተሩ መጨረሻ ክፍል ፊት ቆሜ ከ1ኛ እስከ መጨረሻ ደረጃ በስም አንብቤያለሁ። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲሁ ስለተነበበብኝ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። የመጨረሻውን ስም ስጠራ ክፍሉ ይስቃል። አንድ ዓመት ስሟ መጨረሻ የተጠራ ልጅ በሚቀጥለው ሴሚስተር አልተመለሰችም። በእኔ ምክንያት ነው ወይ? ሄጄ አልጠየቅሁም። መጠየቅ ነበረብኝ። ከዚያ በኋላ ውጤቱን ለየልጁ በእጁ ነው የምሰጠው። 

ከዚህ የባሰውንም ልንገራችሁ። ባለፈው ሳምንት «ለምን?» ብዬ ከተሳቀብኝ በኋላ ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ተነሥቼ ወጣሁ? አልወጣሁም። ሻዬን እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ጨረስኩ። በመስኮት ሦስቱ እናቶች ይታዩኛል። ደረጃ እንዲህ ነው የሚጸናው። የሚያዘው አንድ ሰው ነው፣ የሚያጸናው ግን ሻዩን የሚጨርሰው ሁሉ ነው።

ባልደረቦቼ፣ ብዙዎቻችሁ ይሄን እንደምታነቡ አውቃለሁ። የምጠይቃችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። በሚቀጥለው ስብሰባ ጉዳዩ አጀንዳ ይሁን፣ እነሱም ተጠርተው ይናገሩ፤ ክፍሉም እንደ ድሮው የሁላችን ይሁን። በይፋ መናገር የከበዳችሁ ብርጭቋችሁን ይዛችሁ ብቻ ውጡ። እኔ ከሰኞ ጀምሮ ድንጋዩ ላይ ነኝ። እትዬዎቹ ካስጠጉኝ ማለቴ ነው።

ሐሳቤን የምትቃወሙ ተቃወሙኝ፣ ስድብ ግን እሰርዛለሁ። «ንብ እንኳ» ብሎ የሚጀምር ኮሜንት ደግሞ ከላይ ያለውን አንቀጽ ድጋሚ ያንብብ።